የእንጉዳይ ዘመዶች

ባለፈው ዓርብ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ «ልዩ የጾም ጥብስ፦ እንጉዳይ» የሚል ማስታወቂያ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። አላፊ አግዳሚው ምን ነካት ሳይል አልቀረም።

ልጅ ሳለሁ ዘጠነኛ ክፍልን ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ተምሬ፣ ለክረምት ወደ አገራችን ወደ ሮብ ገበያ ገብቼ ነበር። የባዮሎጂ መምህራችን ሳይንቲስቶች ሕይወት ያለውን ሁሉ በዝምድናው እየመደቡ፣ የወገኑንና የራሱን አጣምረው ስም እንደሚያወጡለት አስተምሮናል። ከዚያ ወዲህ አፌ ማረፍ እንቢ አለ። ጎመንና ሰናፍጭ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያልነገርሁት ጎረቤት የለም።

ፍልሰታ ነው። መብረቅ ሲጮህ አድሮ ጠዋት መስኩ እንጉዳይ በእንጉዳይ ሆነ። እናቴ በሽንኩርት፣ በበርበሬና በኑግ ዘይት ወጥ ሠራችው፤ እንዴት እንደሚያውድ! ለንስሐ አባታችን ለመምሬ አዳሙም ቀንሳ ላከችላቸው። ከቅዳሴ መልስ ከበን ተቀመጥን። ጥቂት እንደጎረስን አላስችል ብሎኝ፣ «እማ፣ እንጉዳይ እኮ ተክል አይደለም፤ ከጎመን ይልቅ ለበግ ይቀርባል» አልኋት።

እጇ እንጀራው ላይ ቀረ። ራሷ ጾም መግደፏ ሳያንስ ቄሱንም ማስገደፏ ነው የታያት። እየጎተተች ወደ መምሬ ቤት ስትወስደኝ፣ ነገሩ እውነት ጾም የሚያስገድፍ ከሆነ መስከረም ላይ ማርቆስ የሚባል አገር እንደማላይ ምላ ተገዝታ ነገረችኝ። እናቴ ከማለች አለቀ። ትምህርቴ በገዛ ምላሴ ሊቀር ነው ብዬ ጭቃው ላይ እያዳለጠኝ አለቀስሁ።

መምሬ ሳህኑን ጨርሰው እጃቸውን ሲታጠቡ ደረስን። እናቴ እያለቀሰች ነገረቻቸው። ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንጉዳይና በግ ዝምድናቸው ከሰባት ቤት ያልፋል?»

«በጣም ያልፋል፣ አባቴ። ተቆጥሮም አያልቅ።»

«እንግዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አሏት እናቴን። «ከሰባት ቤት ያለፈ እንኳን ለወጥ ለጋብቻም ይፈቀዳል። ሳይንቲስቶቹ የሚፈልጉት ዘመዱን ነው፤ ጾሙን እኛ እናውቃለን። ይልቅ ከድስቱ ከተረፈ ላኪልኝ።»

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሳቀች። እኔም መስከረም ሲጠባ ማርቆስ ተመለስሁ።

ይኸው ዛሬ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ምደባ ላይ ስንደርስ፣ መልሱ በምንጠይቀው ጥያቄ እንደሚወሰን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፤ እኔ ይህን የተማርሁት መምሬ ደጅ ነው። ያኔ ከትምህርት ልታስቀረኝ የነበረችው እናቴ፣ ፍልሰታ በገባ ቁጥር ስደውልላት ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ፣ «ዘንድሮስ ዘመድ የቀየረ አለ?» ትለኛለች። አለ እላታለሁ፤ ሳይንቲስቶቹ አንዱን ፍጥረት ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማዛወር መቼ አቆሙ? እሷም፣ «ይሁን፤ ብቻ ሽምብራዬን አይንኩብኝ» ትላለች።