ክንዳቸው እስከሚደርስበት

ሱሉልታ ላቫጆ ወረፋ ስጠብቅ ነው እኚህን አሮጊት ያየኋቸው። የልጃቸው መኪና ቆማለች፣ እሱ ወርዷል፤ እሳቸው ግን ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ቀበቶ እንዳሰሩ ተቀምጠዋል። ከነጠላቸው ሥር የወንድ ካኪ ጃኬት ለብሰዋል። ትከሻው ይሰፋቸዋል፣ እጅጌው ጣታቸውን ይሸፍናል። ጭናቸው ላይ ጸበል የሞላበት ሃይላንድ ይዘዋል።

አጣቢው የሹፌሩን በር አቼቶ በነካ ጨርቅ ያሻል። በቅርቡ ሴራሚክ የሚሉት ማብረቂያ የተቀባው የቀረው ቦዲ መስታወት ይመስላል፤ ያ በር ብቻ፣ ያውም የአሮጊቷ ክንድ ከኋላ መስኮት ወጥቶ እስከሚደርስበት ድረስ፣ በነጫጭ የውሃ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል።

«እማማ፣ ጸበሉ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እኮ ነው እንዲህ የሚሆነው» አላቸው አጣቢው።

«ታዲያ አንተ ጥረግ፣ እኔ እረጫለሁ፣ እሱ በሰላም ይንዳ» አሉት።

ልጃቸው ሳቀ። የእኔ መኪና ቢሆን እንጃ፣ አልስቅም ነበር።

በሩ እንደጠራ ሃይላንዱን ከፈቱ። ቀበቶውን ሳይፈቱ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ረጩ። ልጁ ደረቅ ጨርቅ ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም። ፀሐይዋ ሳትቀድማቸው በዚያ ረጅም የካኪ እጅጌ ጠብታዎቹን ቀስ አድርገው አበሱ።