ሙሽራ የማትገባበት አዳራሽ

ቅዳሜ ማለዳ ኪዳን እንዳበቃ ስምንት ተማሪዎቼንና አንድ ሻንጣ ልብስ ይዤ ከሚዛን ተፈሪ ተነሣሁ። ከደብረ ታቦር ለማስተማር ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የትምህርት ቤቱን የድራማ ክበብ የምመራው እኔ ነኝ። ቴፒ ላይ አንድ ማኅበር ያሠራው አዳራሽ ሲመረቅ ተውኔት እንድናቀርብ ተጠርተናል።

ሚኒባሱ በጭቃው ሁለቴ ተይዞ ወርደን ገፋነው። ሸኮ ላይ የአልማዝ እናት አንድ ዘለላ ሙዝ ይዘው ተሳፈሩ። አልማዝ በተውኔቱ ሙሽራዋን ሆና የምትጫወተው ናት። እናቷ ስትተውን አይተዋት አያውቁም፤ ዛሬ ካልወደዱት ከክበቡ ሊያስወጧት እንደሆነ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ቴፒ፣ አምስት ሰዓት

አዳራሹ ከውጭ መስታወት በመስታወት ነው። ስገባ ግን ደሜ ፈላ። የክብር እንግዶች ጠረጴዛ መድረኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ ተገንብቷል። ከኋላ በር የለም። ሙሽራዋ በየት ትግባ?

የአዳራሹን ግንባታ ያስፈጸሙትን ሰውዬ እንግዶቹ ወርደው ከፊት ወንበር እንዲቀመጡልን ለመንኳቸው።

«መምህርት፣ የክብር እንግዳ ከሕዝብ ጋር ተቀምጦ ያውቃል? ወለሉ ላይ ሥሩት።»

«ከኋላ ያለው በምን ያያል?»

«ይሰማላ።»

ከኋላ ያለው ግን እሱንም አልሰማም፤ ኮርኒስ የሌለውን ቆርቆሮ ዝናቡ ይደበድበው ጀመር። ለትልቅ ሰው ጀርባ መስጠት ነውር ነውና ልጆቹ ወደ እንግዶቹ ዞረው ተወኑ። ሕዝቡ ያየው ጀርባቸውን ነው፣ ያውም የፊተኛው ረድፍ።

«ቲቸር፣ ልጄ የቷ ነበረች?» አሉኝ የአልማዝ እናት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያንን ጠረጴዛ በልቤ ረገምኩት።

ዘጠኝ ሰዓት

ዝናቡ ሲያባራ ከአዳራሹ ጀርባ የቡና ማስጫ አየሁ፤ ሰፊ የሲሚንቶ ወለል፣ በአንድ በኩል ሣር የበቀለበት ተዳፋት፣ በሌላው መጋዘን። ቡናው ለዝናቡ ተሰብስቧል። ዘበኛውን አስፈቅጄ እንደገና ጀመርን። ሕዝቡ ተዳፋቱ ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ፤ የመጨረሻው ሰው እንኳ ያያል። አልማዝ በመጋዘኑ በር ብቅ ስትል እናቷ አጠገባቸው ያለውን ሰው ጎሸም አድርገው፣ «ያቺ የእኔ ናት» አሉት። ስንመለስ ሸኮ ሲወርዱ ሙዙን በሙሉ ለክበቡ ልጆች ሰጡ።

ሚዛን ተፈሪ፣ ሰኞ

ቡና ለሚያደርቅ የታሰበውን ያህል ለሚተውን ያላሰበ ሰው ያበሳጨኛል። ለእኛም ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊሠራ ስለሆነ ንድፉን አሳዩኝ አልኩ። ያው ጠረጴዛ መድረኩ ላይ ተሥሏል። ጣቴን አሳርፌበት፣ ሙሽራዋ በየት እንደምትገባ ንድፉን የሠራውን መሐንዲስ ጠየቅኩት።

«የምን ሙሽራ?» አለኝ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ከሸኮ ጀምሬ ነገርኩት።