የዘይነባ ችግኞች

መካነ ሰላም ከተማ ላይ ስለ ዘላቂ ልማት ስንሰበሰብ ዋልንና፣ እንደ ደንቡ፣ ችግኝ እንድንተክል ተወሰድን። የእርጥቡ አፈር ሽታ እህቴን ዘይነባን አመጣብኝ። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ስትል አባታችንን ጠየቀችው።

«አባ፣ ችግኞቹን ማን ያጠጣልኛል?»

«አላህ ያጠጣቸዋል። አንቺ ብቻ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሺው።»

እኔ ልጅ ነበርኩና ቆርቆሮውን ተሸክማ በሳምንቱ የምትመለስ መስሎኝ ጨፈርኩ። በዓመቱ፣ በላከችው ገንዘብ፣ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተካ፤ ችግኞቹ ግን ደርቀው ነበር። ከዚያ ወዲያ የዘይነባ ድምፅ ጠፋ። አባቴ ጣሪያውን አንጋጦ እያየ አረጀ።

ጉድጓዱ ላይ እንዳጎነበስኩ፣ ችግኝ የምታቀብለኝ ልጅ ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሳዑዲ ልሄድ አስቤ ነበር፤ እዚያ የሚያውቁት ሰው አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።