የግራው ቱቦ

ከቃሊቲ ወደ ቂሊንጦ ከሚወስደው አስፋልት ጀርባ፣ ወደ እኛ ሰፈር የምትገባው ኮረኮንች መንገድ አንድ ጅረት ታቋርጣለች። በበጋ በጅረቱ የሚወርደው የፋብሪካ እጣቢ ነው። በክረምት ግን፣ የላይኛው ማሳ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወዲህ፣ አፈሩ ይጠጣው የነበረ ዝናብ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ከመንገዱ ሥር ሁለት የኮንክሪት ቱቦዎች ነበሩ። የቀኙ ያሳልፋል። የግራው ተደፍኗል።

የግራው የተደፈነው የጎረቤታችንን የእትዬን ባለቤት ውሃ የወሰዳቸው ዕለት ነው። ቃሊቲ ውስጥ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ሌሊቱን አድረው ጠዋት ሲመለሱ ውሃው መንገዱን ሞልቶ ይፈስ ነበር። ማዶ ሱቅ ያለው የስልጤ ልጅ፣ “ጋሼ፣ ይቆዩ! ትንሽ ይጉደልልዎት!” ብሎ ጮኸ። እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ፣ ገቡ። ባለሱቁ ለደንበኛ ሳሙና ሊያወርድ ዞር ብሎ ሲመለስ መንገዱ ላይ ውሃ ብቻ ነበር። እስከ አቃቂ ወንዝ ድረስ ወርደን ፈለግን። ጫማቸው እንኳ አልተገኘም። በማግስቱ ውሃው ሲጎድል የግራው ቱቦ እስከ አፉ ጭቃ ጎርሶ አገኘነው።

ያሰብነውን ማንም በአፉ አላወጣውም።

እትዬ ለቅሶ አልተቀመጡም። እድሩ ድንኳን ይዞ በራቸው ድረስ ቢመጣ፣ “ሰው ሳይገኝ ጥሩምባ አይነፋብኝም” ብለው መለሱት። ወረዳው ቱቦውን እንዲከፍትልን ብንጠይቅ፣ ሠራተኞች ረጅም ብረት ሰደው ወጋ ወጋ አደረጉና ደለል ነው አሉ። መንገድ ቆርጦ ለማየት በጀት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከተደፈነው ቱቦ ድምፅ ይወጣ ጀመር። ሁለት ደረቅ ሳል፣ ከዚያ ዝም። ብርድ ላይ ያደረ ጥበቃ ሳል። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፤ ሙያውን ከስልክ ቪዲዮና ከሥራው ከራሱ ነው የለመድኩት። የታፈነ አየር በመጋጠሚያ በኩል ሲያመልጥ እንደዚያ ያለ ድምፅ እንደሚያሰማ አውቃለሁ። እትዬን ያሳርፋቸው መስሎኝ ነገርኳቸው።

“አየር መሆኑ ጥሩ ነው” አሉኝ። “እሳቸውም አየር ያስፈልጋቸዋል።”

ከዚያ በኋላ ስለ ቱቦው አላስረዳኋቸውም።

ባለፈው በጋ፣ የሰፈር መንገዶች ጅረት የሚሻገሩባቸውን ቦታዎች ለማሻሻል የመንግሥት ድጎማ መጥቷል ተብሎ ተሰበሰብን። ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ ማሽኑና መሐንዲሱ ከድጎማው ነው። አሮጌውን ቱቦ አውጥቶ ቦታውን ማጽዳት የነዋሪው ጉልበት ነው። ማሽኑ ሲደርስ ቦታው ካልጸዳ ድጎማው ወደሚቀጥለው ሰፈር ያልፋል።

“የማን ጉልበት?” አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላ። “የኔ እንደሆነ ሪህ አለበት።”

“አንተ ቆመህ ታወራለህ፤ እሱን ያለ ሪህ ታውቅበታለህ” አለችው ሚስቱ።

ስብሰባው በሳቅ አለቀ። ሰው የመጥራቱን ነገር እድሩ ይያዘው ተባለ። እድራችን ሰው የሚጠራው ግን በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ያኔ ማናችንም አላሰብንም።

በቀጠሮው ቀን ጎህ ሳይቀድ ጥሩምባው ተነፋ። ነፊው ሌላ አነፋፍ አያውቅም፤ ያንኑ ረጅሙን፣ መጨረሻው ላይ የሚወድቀውን የሞት ጥሪ ነፋ። ከዚያ፣ “እድርተኛ! ወደ ቱቦው ውጡ!” እያለ ከበር በር ዞረ። እኔ ዶማዬን ይዤ ስወጣ ጉም ነበር። ከጉሙ ውስጥ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ወንዶች ጥቁር ኮት ደርበዋል። ወጣቶቹ የእድሩን ድንኳን ከነብረቱ ተሸክመዋል።

“ማን ሞተ?” አለኝ አንዱ በሹክሹክታ።

“ማንም። ለሥራ ነው የተጠራነው።”

“ተው እንጂ! ጥሩምባ ተነፍቶ?” ወደ ጅረቱ አየ። “ወደ ቱቦው አይደል ያለው?”

ያን ጊዜ እትዬ ከጊቢያቸው ወጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። የባላቸውን ጋቢ አጥፈው በክንዳቸው ይዘዋል። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

“ተገኙ አይደል?” አሉ።

የእድሩ ዳኛ፣ አባቶቻቸው ይህንኑ መሬት ያርሱት የነበሩ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡ። “ገና ነን፣ ልጄ። አሁን ልንከፍተው ነው።”

“እንግዲያው ቆሜ እጠብቃለሁ።”

“ማንም አልሞተም፣ ለሥራ ነው የወጣነው” የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ወንዶቹ ኮታቸውን አውልቀው ድንኳኑ ላይ ከመሩና ቆፈሩ። የቀኙ ቱቦ ተሰባብሮ ወጣ። ፀሐይ ጉሙን ስትገፈው የግራው ተራ ሆነ። ሥራውን እንዲመራ የተመረጠው ካቦ በመዶሻ አንዴ ሲመታው የበሰበሰው ኮንክሪት ግራና ቀኝ ተገምሶ ወደቀ። ውስጡ ያለው ጭቃ ግን አልወደቀም። ጥቁሩ አፈር እንደ ድንጋይ ደርቆ፣ ድቡልቡል ሆኖ፣ ርዝመቱ እንደ ሰው፣ ጅረቱ ውስጥ ተጋድሞ ቀረ።

አንዲት ሴት ዋይ ልትል ጀምራ አፏን በመዳፏ ያዘች።

“ጭቃ ነው እኮ!” አለ ካቦው። “በአካፋ በሉት! ማሽኑ ቂሊንጦን አልፏል፣ አሁን ነው የደወሉልኝ።”

አካፋ ያነሳ የለም። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። “አንተ የቱቦን ነገር ታውቃለህ። ቀስ አድርገህ ፍታልኝ። ልወቀው።”

“ሱታ” አሉኝ ዳኛው በኦሮምኛ። “ሱታ፣ ልጄ። ቀስ።”

ተንበርክኬ በመኮትኮቻ ጀመርኩ። ከእግሩ በኩል ልጀምር ብዬ ማሰቤን ያወቅሁት እጄ ከገባ በኋላ ነው። ፌስታል ወጣ፣ የተቋጠረ ገመድ፣ የጄሪካን ክዳን፣ የሕፃን ጫማ ሶል። ከዚያ ጥርስ ያለው አጥንት መጣ። ሰው ሁሉ ወደኋላ አለ። ዳኛው ተቀብለውኝ ወደ ብርሃን አዞሩት። “የበግ መንጋጋ ነው” አሉ።

የማሽኑ ድምፅ ከአስፋልቱ በኩል ተሰማ።

“ወንድሜ፣ ቶሎ በል፣ ድጎማው ይሄድብናል” አለኝ ካቦው። ከኋላዬ አንዲት እናት ቀስ ብላ፣ “ልጆቻችን በዚሁ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት። ክረምቱ ደግሞ ደረሰ” አለች። ለማንም አልነበረም ያለችው። እትዬ ግን ሰሟት።

የቀረው በራስጌ በኩል ያለው፣ በክንድ የሚታቀፍ ያህል ነበር። መኮትኮቻውን ሳነሳ እትዬ ወርደው እጃቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ።

“ይበቃል።”

“እትዬ፣ እኮ ይቺው ናት የቀረችው።”

“ለዚህ ነው።” ዝቅ ብለው፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ “እዚህም ከሌሉ የት ቆሜ ነው የማለቅሰው?” አሉ።

ጋቢውን ዘረጉ፤ የተረፈውን ጠቅልዬ ታቀፍኩት። የዚህን ሰፈር አፈር ስሸከም ኖሬያለሁ፤ ክብደቱን ክንዴ ያውቀዋል። ይኼ ቀለል ይል ነበር። ዳኛው ከግራው ዳር፣ ውሃ ከማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ አስቆፈሩ። ሳስቀምጠው ከስንጥቁ አየር ወጣ፤ ሁለት ጊዜ። አየር መሆኑን አውቃለሁ። ቀና ስል እትዬ ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

“አሁን ንፋ” አሉት ጥሩምባ ነፊውን።

በጠራራ ፀሐይ ተነፍቶ አያውቅም፤ ነፋ። ስማቸውን ጠርቶ አርፈዋል አለ። ሴቶቹ አፍነው የያዙትን ለቅሶ ለቀቁት። ማሽኑ ሲደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ የማን ቀብር ነው ብሎም አልጠየቀም። በስህተት የመጣው ድንኳን ያን ቀን እትዬ በር ላይ ተተከለ።

አዲሱ መሻገሪያ አራት ማዕዘን ኮንክሪት ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፍበታል። ክረምት ሲገባ ኃይለኛው ዝናብ በጣለ ጠዋት ላየው ወጣሁ። ውሃው ደፍርሶ፣ መንገዱን ሳይነካ፣ ያለ አንዳች ድምፅ ከእግራችን ሥር ይሄድ ነበር። እትዬ ዘንቢል ይዘው ግራው ዳር ቆመዋል።

“ሰማህ?” አሉኝ።

“ምንም አልሰማሁም።”

“እኔም” አሉና ወደ ሱቁ ተሻገሩ።

እኔ ጆሮዬን ወደ ግራው ዳር ጥዬ ቆየሁ እንጂ ወዲያው አልተከተልኳቸውም።