ችኩሉ ዑዘይርና የሐጂ የሲን ስክሪን

ዑዘይር ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ከእኔ የሰዓት መጠገኛ አጠገብ ኮምፒውተር ይጠግናል። እጁ የተባረከ ነው፤ እሱ ግን አንድ ቦታ አይረጋም። ማኪያቶውን ቆሞ ይጠጣል። የታክሲ ሰልፍ ካየ አምስት ኪሎ ድረስ በእግሩ ያስነካዋል። እሱን ማየት ብቻ እኔን ያደክመኛል።

ሰሞኑን ጭራሽ ብሶበት ነበር። ወርቅ ነጋዴው ሐጂ የሲን ዘንድ ልጃቸውን ዐፊፋን እንዲጠይቁለት ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም «እስቲ እንመካከር፣ ቅዳሜ ተመለሱ» ተባሉ። ወጉ እንደዚያ መሆኑን ያውቃል። ቢሆንም እንቅልፍ አጣ።

ሐሙስ ዕለት ሐጂ ራሳቸው አስጠሩት። የቀለበት ፎቶ የሚያሳየውን የሱቃቸውን ስክሪን የምታሠራው መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ለመነሳት አሥራ ሁለት ሰከንድ ትፈጅ ነበር። «ትንሽ ብትፈጥን» አሉት። ለዑዘይር ይህን ማለት ለእሳት ቤንዚን ነው።

ከውጭ የሚሰካውን ዲስኳን እዚያው ሱቁ ትቶ ኮምፒውተሯን ብቻ ይዞ መጣ። እሷን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው፣ እዚያው ኮምፒውተሯ ውስጥ ያለ አንድ መስመር ትእዛዝ አለ። እሱን ከፍቶ በስክሪኑ ላይ የሚዥጎደጎደውን ጽሑፍ ዝም አሰኘ፣ አርማውን አስወገደ። ከዚያ «ዲስኩ እስኪነቃ ጠብቅ» የሚለውን አየና ሰረዘው። የራሱን ፈጣን ዲስክ ሰክቶ ሲሞክራት በአምስት ሰከንድ ተነሳች።

«በሐጂም ዲስክ ሞክራት እንጂ» አልኩት።

«ጋሼ ዘርኡ፣ ምን ለውጥ አለው!» ብሎ በረረ። ልቤ ስላላረፈ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት።

ሐጂ ፊት ገጣጥሞ መብራቱን አጥፍቶ አበራ። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ደገመው፤ ያው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«መብራቱ ይሆን ያበላሸው?» አሉ ሐጂ፣ መውጫ ሲሰጡት።

ዑዘይርን የምወደው እዚህ ላይ ነው። «አይ ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የእርስዎ ዲስክ አርጅቷል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነቃው። ጠብቀው የሚለውን ትእዛዝ እኔ ነኝ የሰረዝኩት።»

«ለምን?»

«እንድትፈጥን ብዬ።»

«ሽማግሌዎችህ ቅዳሜ አይምጡ» አሉ ሐጂ። «ከሁለት ወር በኋላ ይምጡ። እምቢ አላልኩም፤ ልጄን የምሰጠው መቆየት ለሚችል ሰው ነው።»

ዑዘይር የሰረዘውን መልሶ ጻፈ። በአሥራ ሁለት ሰከንድ ቀለበቶቹ ብቅ አሉ። ስንመለስ ሱቁ በር ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ዐፊፋ ናት፣ ወሬውን ከአባቷ ሰምታለች። ድምፅዋ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ለሰባት ሰከንድ ብለህ ሁለት ወር አስጨመርክብን! እኔስ የማልቸኩል መሰለህ?» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።