የኖራው ክብደት የት ገባ

አባቴ ሂርጳ በየካ ዳገት ኖራ አቃጣይ ነበር። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከተማ በቆረቆሩበት ዘመን ነው፤ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። በዓይኔ ያየሁትና እናቴ ዲንቄ የነገረችኝ አሁን ተደባልቆብኛል፤ ቅንድቡ ሁልጊዜ ነጭ እንደነበር ግን አልረሳም።

የኖራ ድንጋዩን ከሙገር በአህያ ያመጡለታል፤ እሱ በእቶን አቃጥሎ ለቤተ ክርስቲያን ግንበኞች ኖራ ያስረክባል። ድሮ በቅርጫት ነበር የሚረከቡት። በዚያ ዓመት ኃይለ መስቀል የሚባሉ አዲስ የሥራ ሹም መጡና ድንጋዩ ሲገባም፣ ኖራው ሲወጣም በሚዛን ይሁን አሉ። ኖራው ጎደለ። ትንሽ ቢሆን ደግ ነበር፤ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሰርቀሃል አሉት። የሌባ እጅ የሚቆረጥበት ዘመን ነው።

አባቴ ራሱ ግራ ገባው። መዝኖ አያውቅማ። ድንጋዩ ከእቶን ሲወጣ እንደገባ ነው፤ ቁመቱ አልቀነሰ፣ ቅርጹ አልተለወጠ፤ ሲያነሱት ግን እንደ ቅል ይቀላል።

ዳኛው ዘመቻ ሄደው ስለነበር፣ እስኪመለሱ ድረስ እንደ ደንቡ ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው ተቆራኙ። ሥራው ደግሞ አይቆምም፤ ግንበኞቹ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ኃይለ መስቀል ድንጋዩን በገዛ እጃቸው መዝነው፣ ከአባቴ ጋር እንደታሰሩ እሳቱ ዳር ተቀመጡ። አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ። ለሽንት ሲነሱ እንኳ አብረው ነው፤ እናቴ ይህን ስታወራ ትስቅ ነበር።

«ዛሬስ በየት በኩል ታሾልከው ይሆን?» ይሉታል።

«እርስዎ ብቻ ያንቀላፉልኝ ጌታዬ፣ መንገድ አላጣም» ይላቸዋል።

እቶኑ ሲበርድ አውጥተው መዘኑ። ያው ነው፣ ጎደለ። ኃይለ መስቀል በሚዛኑ የግራውን ወደ ቀኝ አዛውረው መዘኑ፤ አመዱን በእንጨት ጫሩ። ከዚያ በኋላ ቀልዱም ቀረ።

የልጅ ልጄ ፀሐዬ ኬሚስትሪ ስትማር ይህን ብነግራት፣ ድንጋዩ መቶ ኪሎ ከሆነ ኖራው ሃምሳ ስድስት ነው፣ አርባ አራቱ አየር ሆኖ ይወጣል አለችኝ። ድንጋይ ውስጥ አየር? አየርስ ይመዘናል? ጽፋ፣ ደምራ አሳየችኝ። እሺ አልኳት እንጂ አልገባኝም።

ዳኛው ተመልሰው ሁለቱ እንደተቋጠሩ ቀረቡ። እናቴ ከሕዝቡ መሐል ሆና የአባቴን እጅ ብቻ ታይ ነበር።

«ታዲያ ማን ወሰደው?» አሉ ዳኛው።

«እንጃ ጌታዬ» አሉ ኃይለ መስቀል። «ከጎኑ አልተለየሁም። እሱ ከሰረቀ እኔም ሰርቄአለሁ።»

ዳኛው አንዱን አይተው፣ ሌላውን አይተው፣ ፍቷቸው አሉ።

ከዚያ ወዲያ ኖራው እንደ ድሮው በቅርጫት ሆነ። ኃይለ መስቀል ግን እቶኑ በተለኮሰ ቁጥር፣ ማንም ሳያስራቸው፣ መጥተው ከአባቴ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ጭሱ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሁለቱም ያያሉ። እናቴ ምን እንደሚጠብቁ ብትጠይቃቸው፣ አባቴ ወደ እሳቸው ዞረ፣ እሳቸውም ወደ አባቴ።