ያዘች እንጂ አልሞተችም

የአባቴ ሙት ዓመት በወጣ ማግስት፣ ታላቅ ወንድሜ ገና ሻንጣውን ሳይዘጋ መኪናዋን ሊሸጥ ወሰነ። ለሚነዳት ሰው አይደለም፤ ብረት ለሚገዛ። ሶዶ ግቢያችን ውስጥ፣ አቮካዶው ሥር ዓመት ሙሉ የቆመችውን፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነውን ክብ አሮጌ መኪና።

«ከአባባ ጋር አብራ ሞታለች» አለ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ።

«ፍሬኗ ያዘ እንጂ አልሞተችም» አልኩት።

«እሺ። ቅዳሜ ገዢውን ይዤ እመጣለሁ። በራሷ ጎማ ከበር ከወጣች ያንቺ ናት።»

ይህን ብሎ ወደ ሐዋሳ ሄደ። እንደማልችል እርግጠኛ ሆኖ ነው የሄደው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። በዚህች መኪና መንዳት የተማርኩት እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። አባቴ ጉኑኖ መንገድ ላይ መሪውን ሲያስይዘኝ፣ መንገደኛው ሁሉ እየቆመ «ሴት ልጅ?» ይል ነበር። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አዎ፣ ሴት ልጅ» ይላቸዋል። ዛሬ መምህርት ነኝ፣ ዕድሜዬም አርባን አልፏል፤ ያ «አዎ» ግን አሁንም ወገቤን ቀና ያደርግልኛል።

ለማንም ያልነገርኩት ነገርም ነበር። ፍሬኗን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የቀብሩ ዕለት ዝናብ ነበር፤ ለቀስተኛ ሳመላልስ ውዬ መኪናዋ ጭቃ በጭቃ ሆነች። የአባቴ መኪና እንዲህ ሆና ሐዘን ቤት አትቆምም ብዬ፣ እያለቀስኩ ጎማዎቿ ውስጥ ድረስ ውሃ እየረጨሁ አጠብኳት። ግቢያችን ቁልቁል ስለሆነ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። አባቴ ካጠባት በኋላ የእጅ ፍሬን አይስብም ነበር፤ ጎማዋን ድንጋይ ያስደግፋታል። እኔ ግን ድንጋዩ የድህነት እየመሰለኝ አፍርበት ነበር። ከዚያ እናቴ «ዓመቱ ሳይወጣ የእሱ ዕቃ አይነካም» አለች። ኮቱ ከተሰቀለበት አልወረደም፣ መኪናዋም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ፍሬኑ እንደረጠበ ተጣብቆ ክረምቱንም በጋውንም አሳለፈ።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ መናኸሪያው አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ መጣሁ። ጎረቤት ጠርተን ገፋናት፤ የኋላ ጎማዎቿ ሳይዞሩ ሣሩን እየላጡ ተንሸራተቱ። መካኒኩ ተንበርክከው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቲቸር፣ ይሄ እንቢ ብሏል። ዝገት በልቶታል። በጋዝ እንቁረጠው።»

«ከተቆረጠ ምን ይቀራል?»

«ብረት ነዋ።»

«ብረት መሆኗንማ ወንድሜም ነግሮኛል። መፍቻዎን ያውሱኝና ይሂዱ።»

ብልግና ነበር፤ ሲወጣኝም ታውቆኛል፤ ግን አልመለስኩትም። ሰውየው ሳቁ። መፍቻቸውን ሰጡኝ፣ እሳቸው ግን አልሄዱም፤ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና ስሠራ ያዩኝ ጀመር።

የእጅ ፍሬኑን የሚስበውን ካቦ አላላሁ። ነጭ ጋዝ አፈሰስኩበት። በማግስቱ መጥቼ ጎማውን ፈታሁና፣ ፍሬኑን የሸፈነውን ክብ ብረት ዙሪያውን እንጨት እያስደገፍኩ በመዶሻ መታሁት። መሃሉ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ግን ንቅንቅ አልል አለ። ያኔ መካኒኩ ከባልዲው ላይ ተነሡ። አንድ የውሃ ቧንቧ ፈልገው መፍቻው ላይ ሰኩልኝና «ቁሚበት» አሉኝ። ከነክብደቴ ቆምኩበት፤ ዳዶው ጮኸ፣ እኔም መሬት ላይ ተዘረርኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሁለታችን ሆነ። ሐሙስ ሁለተኛውን ጎማ ፈታን፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግን፣ የፍሬኑን ሸራና ዘይት ቀየርን። ጥፍሬ ውስጥ የገባውን ጥቁር ቅባት ተማሪዎቼ እያዩ ተሳሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

ዓርብ ማታ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ እውነቱን ነገርኳት። «እማዬ፣ ያስያዝኳት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ስትስቢው ድምፁን ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«በዚያ ቀን ምን ልበልሽ?»

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ገዢውን ከነጭነት መኪናው ይዞ መጣ። መካኒኩ ባዋሱኝ ባትሪ ሞተሯን አስነሳሁ። ጎማዎቹ ሲዞሩ ወንድሜ አየ፤ ፊቱ ጠቆረ፣ ግን አልተረታም።

«መሄድስ ትሂድ። ቁልቁለቱ ላይ ካልቆመችልሽ ሰው ልትጨርሺ ነው?»

ሳልመልስለት እናቴ ከበረንዳው ወረደች። ቀጥ ብላ ሄዳ የተከፈተው የግቢ በር መሃል፣ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ቆመች።

«ንጂ» አለችኝ።

«እማዬ፣ ተይ!» ብሎ የጮኸው ወንድሜ ነው። እኔም ፈርቻለሁ፣ አልደብቅም። ማታውን ደጋግሜ ሞክሬያት ሁሉንም ጊዜ ቆማልኛለች፤ ግን ያኔ በሩ ላይ እናቴ አልነበረችም።

«የሠራሽውን ካላመንሽ ውረጂና ይውሰዷት» አለችኝ።

ለቀቅኳት። ቁልቁለቱን ወረደች። ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ከእናቴ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። እናቴ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ገዢው ዞር ብላ «ብረት ከፈለግህ ሌላ ቤት ጠይቅ» አለችው። ከዚያ የመኪናዋን በር ከፍታ አጠገቤ ገባች፣ ቀሚሷን ሰበሰበችና «በይ እንውጣ» አለች።

እግሬ ከፍሬኑ ላይ አልነሳ አለኝ። እስኪነሳ ድረስ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ወጣን።